በነጠላ ጫፍ የተቋጠረው ካፓሲተር

ሸክላ ስላችሁ ገንቦና ድስት እንዳይመስላችሁ። ቢቸና ላይ እንዲያ የመሰላቸው ብዙ ነበሩ፤ ለእነሱ ሳስረዳ ትዕግሥቴን ስለጨረስሁ ለእናንተ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምናገረው። እኔ የምሠራው ሸክላ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ክብ ነገር ነው። ስስ ነው፤ ሁለቱም ፊቱ ብር ተቀብቷል። ካፓሲተር ይሉታል። ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ ሲፈለግ ይለቃል፤ ሌላ ሙያ የለውም። በየሬዲዮኑ፣ በየስልኩ፣ በየፓምፑ መቆጣጠሪያ ውስጥ ተሰግስጎ ይኖራል። ከገበያ የሚገዛው አብዛኛው ሙቀት ሲበዛበት ወይ ያብጣል፣ ወይ የያዘውን ያፈስሳል። የእኔው ግን የፈላ ዘይት ውስጥ ብትጨምሩት እንኳ የያዘውን አይለቅም። ወንድሜ "ያንቺን ጠባይ ነው የሰጠሽው" ይለኛል። ለቀልድ ነው የሚለው። እኔ ግን ይዤበታለሁ።

ጡረታ ወጥቼ ቢቸና የአባቴ ቤት ስገባ ዘመድ ሁሉ የጠበቀው ዶሮ እንዳረባ፣ ማኅበር እንድጠጣና ለቀስተኛ ሳይቀድመኝ ለቅሶ ቤት እንድገኝ ነበር። እኔም ለጥቂት ጊዜ ሞክሬው ነበር። ዶሮዎቹ ሞቱ፤ ማኅበርተኞቹ ስመጣ ወሬ ማቋረጥ ጀመሩ፤ ለቅሶ ቤት ደግሞ ሟቹን ስለማውቀው አላለቅስም እያልሁ ከሰው ተጣላሁ። ስለዚህ ጓሮ ያለችውን ክፍል ቆልፌ ተቀመጥሁ።

ከዚያ ያስወጣኝ ሙሉቀን የሚባል ገበሬ ነው። ከየጁቤ ቁልቁል ወደ ዓባይ ሲወረድ፣ በረሃው ላይ ሽንኩርት ያለማል። እሱና ጎረቤቶቹ በጋራ ያቆሙት በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ አላቸው። ፓምፑ ደኅና የሚሠራው ፀሐይ ሲጠና ነው፤ የሚበላሸውም ፀሐይ ሲጠና ነው። መቆጣጠሪያውን በጋቢ ጠቅልሎ፣ እንደ በሽተኛ ሕፃን ታቅፎ ደጃፌ ላይ ቆመ።

"እማማ፣ ይቺ ሞታብኛለች" አለኝ።

"ማን ላከህ?"

"ሬዲዮ ጠጋኙ ነው። 'እዚያ ሰፈር አንዲት ክፉ ሴትዮ አለች፤ ይህን ካወቀች እሷ ናት' አለኝ።" ያለውን ነገር ጆሮው ሲሰማው ደነገጠ። "ማለቴ... ቆፍጣና።"

"ክፉ ብሎ ከሆነ የላከህ ቤቱን አልሳትህም። ግባ" አልሁት።

ክዳኑን ከፈትነው። ውስጥ ያለው ካፓሲተር ሆዱ ተነፍቶ፣ ፈንድቶ አንጀቱ ወጥቷል። ሌላ ገዝቶ ቢያስገባ በዚያ በረሃ ሙቀት ወር አይቆይለትም። ሽንኩርቱ ደግሞ በወር አይደርስም። ለዚህ በሽታ መድኃኒቱን የማውቀው እኔ ነኝ። መድኃኒቱን የሰረቀኝንም ሰው አውቀዋለሁ።

አዲስ አበባ፣ ስሙን ልጠራው የማልፈልገው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው ጉልበቴን የጨረስሁት። ተመራማሪ ነበርሁ። ይበልጣል የሚባል የሞጣ ልጅ በጀማሪነት ተቀጥሮ ከሥሬ ተመደበ። መቆንጠጫ አያያዝ እንኳ አያውቅም ነበር። ዱቄቱን መመዘን፣ ማላም፣ መጭመቅ፣ መተኮስ፣ ሁሉን ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ቢስሙት የሚባል ማዕድን አለ፤ እሳት ሲበረታበት ተንኖ ይጠፋል፤ እሱ ከጠፋ ሸክላው የተቀደደ ስልቻ ማለት ነው። ስለዚህ ክቦቹ የሚተኮሱት ተቀብረው ነው። በምን ውስጥ እንደሚቀበሩና እሳቱ እንዴት እንደሚወርድላቸው ለማግኘት ዓይኔ ደክሟል፣ ወገቤ ጎብጧል። በምን እንደሆነ ግን ለእሱም አልነገርሁት፤ ለእናንተም አልነግራችሁም።

ይበልጣል ውጤቱን ይዞ ውጭ አገር ሄደ። ዶክተር ሆኖ ተመለሰ። ጽሑፉ ሲታተም ስሜን ፈለግሁ። ከላይ የለም። ከመካከል የለም። መጨረሻ ላይ፣ ምስጋና በሚለው ሥር፣ ላበረታቱት የሥራ ባልደረቦች በሙሉ ምስጋናውን ያቀርባል። እንግዲህ እኔ ከአበረታቾቹ አንዷ መሆኔ ነው። እኔ በሕይወቴ ሰው አበረታትቼ አላውቅም! ይበልጣልንማ ተስፋ ሳስቆርጠው ነው የኖርሁት። ቢሰርቀኝ ይሰርቀኝ፤ በማልታማበት ነገር ግን ለምን ያመሰግነኛል?

ሙሉቀን በመጣ ሰሞን ስልኬ ጮኸ።

"እታለም! እንደምን ከርመዋል?"

ድምፁን ለየሁት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ እንደ ታላቅ እህት፣ እታለም ነው የሚለኝ።

"አልሞትሁም" አልሁት።

"እግዜር አይበለው! ሞጣ ነኝ እኮ ያለሁት። እዚህ ኮሌጅ ውስጥ የምርምር ማዕከል ከፍተን..."

"ሰምቻለሁ።"

"ሸክላዎቹ ትንሽ አስቸግረውናል፣ እታለም። ያፈሳሉ። እርስዎ እጅ ላይ እንዴት ነበር?"

"እኔ እጅ ላይ አያፈሱም።"

ሳቀ። ሲስቅ ሲስቅ ነገሩን አወጣው። በረሃ ላይ ላሉት ፓምፖች የሚሆን ካፓሲተር ሠራሁ ብሎ ተናግሯል፤ በእንግዶች ፊት ሊያሳይም ቀን ቆርጧል። ነገሩ ከተሳካ ማዕከሉ ይቀጥላል፤ ካልተሳካ ክፍሉን ለሌላ ሊሰጡበት ነው። የሚያሳየው ነገር ግን በእጁ የለም።

"ሠርቼ አመጣለሁ" አልሁት። "በአንድ ነገር።"

"ምንም ይሁን!"

"ማን እንደሠራው እንግዶቹ ፊት ትናገራለህ። በስሜ። በራስህ አፍ።"

"ይህማ ምን ጥያቄ አለው፣ እታለም!"

ምን ጥያቄ እንደነበረው ኋላ ትሰማላችሁ።

የኤሌክትሪክ እቶኔ አሮጌ ነው። ስከፍተው የሰፈሩ መብራት ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ቢቸና መብራት በጠፋ ቁጥር፣ እቶኔ ሳይከፈት ቢውል እንኳ፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። የወንድሜ ሚስት አሰለፈች በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ ጠራችኝ።

"እትዬ፣ ሸክላ መሥራት ጀምረዋል የሚሉት እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ውይ በሞትሁት! እኔ ደግሞ ውሸት ነው እያልሁ ስከራከር መዋሌ! ሴት ልጅ እኮ አለችን፣ እትዬ። ነገ ጠያቂ ቢመጣ 'አክስቷ ሸክላ ሠሪ ናት' አይልም?"

"ጠያቂው እናንተ ቤት ወጡን የሚበላው ከምን ላይ ወጥቶለት ነው? ከመዳፍሽ?"

ከሸክላው በልቶ ሸክላ ሠሪዋን መንገድ ላይ ሲያያት ፊቱን የሚያዞር ሰው በአገራችን ሞልቷል፤ አሰለፈች ለብቻዋ የጀመረችው ነገር አይደለም። ቢሆንም ከዚያ ቀን ወዲያ በግቢዬ ማቋረጥ ትታ ዙሪያውን መሄድ ጀመረች። ለዓመታት የለመንሁትን ሰላም ቢስሙት ሰጠኝ።

የመጀመሪያው እሳት መካከል ላይ መብራት ጠፋ፤ ክቦቹ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጣመው ወጡ። ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው መብራቱ ረስቶን ሳይጠፋ ዋለ፤ ሰባት ክብ ተገኘልኝ። ስድስቱን በጥጥ አድርጌ የእንቁላል ካርቶን ውስጥ ደረደርኋቸው። ሰባተኛዋ ጠርዟ ትንሽ የተሸረፈች ናት፤ እሷን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኋት። ለይበልጣል ሁሉን ሰጥቶ ባዶ እጅ መቅረት ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ከሙሉቀን ጋር በሚኒባስ ተሳፈርን። ሸክላው የሚፈተነው በእሱ መቆጣጠሪያ ነውና እሱ መቆጣጠሪያውን ታቅፏል፣ እኔ ካርቶኑን። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ካርቶኑን አየችና፣

"የሐበሻ ነው የፈረንጅ?" አለችኝ።

ነገሬን ለመንገደኛ የማስረዳ ሰው አይደለሁም። "የሐበሻ" አልኋት።

"አስኳሉስ ቢጫ ነው?"

"ነጭ ነው።"

"ወይ ጉድ! ምን አብልተዋት ነው?"

"ቢስሙት።"

"ከእንስሳት ሐኪም ነው እሱ የሚገኘው?"

ረዳቱ በበኩሉ "እማማ፣ እንቁላሉ ፖርቶ መጋላ ላይ ይውጣ እንጂ፤ ሰው እንዳይቀመጥበት" አለ።

"እኔን እዚያ አውጣኝና እሱን እዚህ አስቀምጠው" አልሁት።

ሾፌሩ ሳቀ፤ ግን ነገሩን በልቡ ያዘው። እስከ ደብረ ወርቅ፣ ከዚያም እስከ ሞጣ፣ ጉድጓድ ባየ ቁጥር "የእማማ እንቁላል!" እያለ ፍሬን ይይዛል። ተሳፋሪው ሁሉ መንገዱን አብሮ ይጠብቅልኝ ጀመር። በዚያ መንገድ ላይ እንደዚያ ተከብሬ ሄጄ አላውቅም። ካፓሲተር ነው ብል ኖሮ ማንም አይራራልኝም ነበር።

ሞጣ ስንደርስ ይበልጣል ትከሻዬን ደጋግሞ ሳመኝ፤ ካርቶኑን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። እኔን መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ በሩ ሥር አስቀመጠኝ።

"እዚህ አየር አለ፤ ይሻልዎታል" አለኝ።

አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት ለፊት ውኃ የሞላ በርሜልና ፓምፕ አለ፤ ከጎኑ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አሸዋ የሞላ መጥበሻ ተጥዷል። ነገሩ ቀላል ነው። ክቡ በጋለው አሸዋ ውስጥ ይቀበራል፤ ሽቦው ከሙሉቀን መቆጣጠሪያ ጋር ይያያዛል፤ አሸዋው እንደዚያ ግሎ ፓምፑ ውኃ ከሰጠ ሸክላው ሙቀት ችሏል ማለት ነው። ሁሉ ተዘጋጅቶ ነበር። የቀረው ሥራውን መጀመር ብቻ ነበር። ግን ሥራ እንዲሁ አይጀመርም፤ መጀመሪያ ሽማግሌ ማየት አለበት።

የከተማውን ስብሰባ ሁሉ መርቀው የሚከፍቱት ጋሽ ዘውዱ የሚባሉ አዛውንት ናቸው፤ በጉብዝናቸው ዘመን ነጋዴ ነበሩ። ይበልጣል ከካርቶኑ አንዱን አወጣና በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

"ጋሼ፣ እስቲ ይዩት። ፊቱ ንጹሕ ብር ነው።"

ብር ባይል ምን ነበረበት! ጋሽ ዘውዱ ያደጉት ጠገራ ብር በሚቆጠርበት ቤት ነው። ጠገራ ብር እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው ድንጋይ ላይ ተጥሎ ድምፁ ሲሰማ ነው፤ ከጮኸ ብር ነው፣ ድምፁ ከታፈነ ሐሰተኛ ነው። ጋሽ ዘውዱ ክቡን በሁለት ጣታቸው ያዙት። ጆሯቸውን አዘነበሉ። ሲሚንቶው ላይ ለቀቁት።

ጠቅ አለ። ሁለት ሆነ።

"ብር አይደለም" አሉ፣ በሐዘን። "አታለውሃል፣ ልጄ።"

እዚህ ላይ ይበልጣል "ጋሼ፣ ሸክላ ነው፤ አይጣልም" ቢል ነገሩ ያበቃ ነበር። ግን ሽማግሌን በሰው ፊት ተሳስተዋል ማለት አይሆንለትም። የሰው ሥራ ወስዶ ሲያሳትም ያላፈረ ሰው ሽማግሌ ማረም ነውር ሆነበት! "ምናልባት ይቺኛዋ ትሻል ይሆናል፣ ጋሼ" ብሎ ሁለተኛዋን ሰጣቸው።

ጠቅ።

"ይቺም አይደለችም።"

ከአጠገባቸው የተቀመጡት ሰውዬ "ብር በጥርስ ነው የሚታወቀው፤ እስቲ ወዲህ በል" አሉና ሦስተኛዋን ነከሷት። እሷም ተሰበረች፤ ጥርሳቸውንም እንጃ። ሌላው "አጣጣላችሁ ነው እንጂ! ዝቅ ተብሎ ነው የሚጣል" ብሎ አራተኛዋን ዝቅ ብሎ ጣላት። እኔ ከበሩ ሥር ቆሜ "አትጣሉት! ሸክላ ነው!" እያልሁ እጮኻለሁ። አስተናባሪዋ እየሮጠች መጣችና ትከሻዬን ያዘችኝ።

"እማማ፣ ይቀመጡ፤ ተራዎ ይደርሳል" አለችኝ።

ለመጣል ተራ የምጠብቅ መስሏት ነው። አምስተኛዋ ስትሰበር አላየሁም፤ ድምፅዋን ነው የሰማሁት። ስድስተኛዋ ሳትሰበር ወድቃ ነበር፤ እሷን ለማንሳት የሄደው ሰው ረገጣት።

ሙሉቀን መቆጣጠሪያውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ ያየኛል። ሽንኩርቱ በዚያች ሰዓት በረሃ ላይ ውኃ ይጠብቃል። ይበልጣል ሳቅ የመሰለ ነገር ፊቱ ላይ እንዳለ፣ በረድፎቹ መካከል አልፎ እኔ ዘንድ መጣና ቁጢጥ አለ።

"እታለም፣ ጉድ ሆንሁ። አንድ እንኳ የለዎትም?"

እጄ ሳላዘው ወደ ነጠላዬ ጫፍ ሄደ። አየው። ዓይኑ መቼም ከድሮም ፈጣን ነው።

"አለኝ" አልሁት። "ቃልህስ?"

"እናገራለሁ፣ መጨረሻ ላይ..."

"መጨረሻ ላይ የምትጽፈውን አይቼዋለሁ። አሁን ተናገር።"

ተነሥቶ ወደ ፊት ሄደ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "ክቡራን እንግዶቻችን" አለ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ "ይህን ሥራ ለዚህ ያበቁልን እናታችን ዛሬ በመካከላችን ይገኛሉ!"

ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ጋሽ ዘውዱ "ለእናታችን ዕድሜ ይስጥልን" ብለው መረቁ። አስተናባሪዋ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ቋጠሮዬን አልፈታሁም። ተመልሶ መጣ።

"ይኸው ተናገርሁ እኮ፣ እታለም!"

"ስሜን ነው ያልሁህ። እናትህ እዚሁ ሞጣ አለች። እሷ ካፓሲተር ሠርታ ታውቃለች?"

ዞር ብሎ እንግዶቹን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ሥር፣ ሰው እንዳይሰማው፣

"እታለም... ይቅርታ ያድርጉልኝና... ስምዎ ማን ነበር?" አለኝ።

በየወሩ ደመወዝ ስንቀበል ከስሜ ሥር ይፈርም ነበር። የቢሮዬ በር ላይ ስሜ ተለጥፎ ነበር፤ በዚያ በር ሲወጣ ሲገባ ኖሯል። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን ጽሑፉን ሲያገላብጥ፣ ስሜ የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርስ ትንሽ ይሸማቀቅ ይሆናል እያልሁ ስጽናና ነው የኖርሁት። አንድ ጥሩ ሌባ አለኝ ብዬ ነበር። ሌባ እንኳ የማንን ቤት እንደሰበረ ያውቃል። ይሄኛው ስሜን ከጽሑፉ አልፋቀውም፤ ለመፋቅ ማወቅ ነበረበት።

ልነግረው አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ተውሁት። እኔ ነግሬው እሱ ቢደግመው ምን ጥቅም አለው? ቋጠሮውን ይዤ ልወጣም ቃጣኝ፤ በሩ ከኋላዬ ነው፣ ለአየሩ ብሎ እዚያ ያስቀመጠኝ ራሱ ነው። ግን ሙሉቀን እያየኝ ነበር። ይበልጣልን ለመቅጣት የሙሉቀንን ሽንኩርት ማድረቅ አለብኝ። ክፉ ነኝ፤ እስከዚያ ድረስ ግን አልሠለጠንሁም።

ተነሣሁና በረድፎቹ መካከል አልፌ ወደ ፊት ሄድሁ። አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ "እስቲ እኔ ልያት" አለኝ። አየሁት። እጁን ሰበሰበ። ቋጠሮዬን ፈትቼ፣ የተሸረፈችዋን ክብ በገዛ እጄ ሽቦ አሰርሁላት፣ አሸዋው ውስጥ ቀበርኋት፣ ምድጃውን ከፈትሁ። መጠበቅ ነበር። አሸዋው ጋለ። የመጥበሻው እጀታ መቃጠል ጀመረ። ሙሉቀን ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ምን እንደሚል አልጠየቅሁትም። ማብሪያውን ተጫንሁት።

ፓምፑ አጉረመረመ፤ ውኃው መጣ። ቆየ። አሁንም ቆየ። መጥበሻው ጢሱን እያወጣ ውኃው አላቋረጠም።

ጭብጨባው ለይበልጣል ነበር። እቅፍ አበባውም ለእሱ ነበር። ማዕከሉ አልተዘጋም። ጋሽ ዘውዱ ብቻ ምርኩዛቸውን ተመርኩዘው ወደ እኔ ቀረቡ።

"እና በመጨረሻ ምንድን ነው? ብር ነው?"

"ሸክላ ነው፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ቀድመሽ አትናገሪም ነበር!" አሉኝ፣ ተቆጥተው።

ይበልጣል አበባውን እንደያዘ ደርሶ ወደ ጥግ ሳበኝ። "እታለም፣ ዛሬ አዳኑኝ። ከዚህ በኋላ ብዙ መሥራት አለብን። በምን ውስጥ ነበር የምንቀብራቸው?"

"እንዲህ ያለ ነገር ልጅ የሚማረው ከእናቱ ነው" አልሁት። "እናትህን ጠይቃት።"

ክቧን ከአሸዋው አውጥቼ፣ እስክትቀዘቅዝ ጠብቄ፣ የሙሉቀን መቆጣጠሪያ ውስጥ በየድኋት። ስንመለስ ሚኒባሱ ጉድጓዱን ሁሉ እየረገጠ ነጎደ፤ እንቁላል የያዘ ሰው አልነበረም። ቢቸና ልንገባ ስንል ሙሉቀን ጋቢውን ወደ ላይ ሳብ አደረገና፣

"እማማ፣ ስምዎን ማን ልበል?" አለኝ። "አገር ቤት ማን ሠራልህ ሲሉኝ የምለው የለኝም።"

ነገርሁት። ከነአባቴ ነገርሁት። እንዳይጠፋው ሁለት ሦስት ጊዜ ለራሱ ሲደግመው ሰማሁ። መስኮቱን ማየት ጀመርሁ፤ አቧራ ዓይኔ ውስጥ ገብቶብኝ ነበር።

ሽንኩርቱ ደረሰ አሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት የግቢዬ በር ተንኳኳ። ሁለት የበረሃ ሰዎች፣ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ቆመዋል።

"የክፉዋ ሴትዮ ቤት ይሄ ነው?" አለ አንደኛው።

"ሙሉቀን ስሜን አልነገራችሁም?" አልሁት።

"ኧረ ነግሮናል! ከነአባትዎ ነው የነገረን። መናኸሪያው ላይ በዚያ ስም ብንጠይቅ፣ እዚህ ሰፈርም ብንጠይቅ የሚያውቅ ጠፋ። እዚህ ጎረቤትዎ ያሉት ሴትዮ እንኳ 'እንዲህ የሚባል ሰው በዚህ የለም' አሉን።"

አሰለፈች መሆኗ ነው።

"ኋላ ቸገረንና 'ክፉዋ ሴትዮ' አልን" አለ ሁለተኛው። "ያን ጊዜ ያልጠቆመን የለም።"

እናታችን የምትባል ሴት በየአዳራሹ አለች፤ ይጨበጨብላታል፣ በሩ ሥር ትቀመጣለች። ክፉዋ ሴትዮ ግን ከሞጣ እስከ ዓባይ በረሃ አንድ ናት፤ ማንም ከሌላ ሰው ጋር አያምታታትም። በሩን ከፈትሁላቸው።

"እኔ ነኝ" አልኋቸው። "ግቡ። ምንም ነገር ግን እንዳትጥሉ።"